የልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ የቃል ጥናት ውድድር፦ ደንቡና ዝግጅቱ

በልጆች የቃል ጥናት ውድድር ላይ የሚነሳው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ጥቅሶቹ የታደሉበት ቀን ላይ ነው። አንዷ ልጅ በ1954ቱ ትርጉም፣ ሌላዋ በአዲሱ መደበኛ ትርጉም ታጠናለች። ሁለቱም አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ይላሉ፤ ዳኛው እጅ ላይ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ወራት ደክማ ያጠናች ልጅ በአዘጋጆች ዝርክርክነት ነጥብ ስታጣ ማየት ያማል፣ ደግሞም በቀላሉ የሚቀር ነገር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ወረቀት ማዘጋጀት ነው። ጥቅሶቹ ከተመረጠው ትርጉም ቃል በቃል ተገልብጠው፣ ምዕራፍና ቁጥራቸው ተጽፎ፣ ለልጁም ለወላጁም ለዳኛውም ያው ወረቀት ይሰጥ። "ዮሐንስ 3፥16ን አጥኑ" ብሎ መናገር ብቻውን አይበቃም። ከስልክ የሚገለብጥ ሰው የትኛው ትርጉም እንደተከፈተ አስቀድሞ ይይ፤ ከገለበጠም በኋላ ከታተመው መጽሐፍ ጋር ቃል በቃል ያመሳክር። ወረቀቱ ላይ የገባ የትየባ ስህተት በሁሉም ልጆች አፍ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ ከባድ ነው።

መዝሙረ ዳዊት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የሚለው መዝሙር በአንዳንዱ እትም 23ኛ ሲሆን፣ የግእዙንና የሰባ ሊቃናትን አቆጣጠር በሚከተለው ደግሞ 22ኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 እና የመጨረሻዎቹ 3 መዝሙሮች በሁለቱም አንድ ቁጥር አላቸው፤ በመካከል ያሉት ግን አብዛኞቹ በአንድ ይለያያሉ። የትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። "የዳዊት መዝሙር" የሚሉት ዓይነት አርእስቶች ይባሉ ወይስ ይዘለሉ የሚለውም እንደዚሁ።

ስንት ጥቅስ ይበቃል? ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት ከ6 እስከ 8 አጫጭር ጥቅሶች በቂ ናቸው። መዝሙር 117 (በግእዙ አቆጣጠር 116) ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ "አንድ ሙሉ መዝሙር በቃሌ አውቃለሁ" ማለት ለሚያጓጓው ትንሽ ልጅ ጥሩ ምርጫ ነው። ከ7 እስከ 9 ዓመት ላሉት ከ12 እስከ 16፣ ከ10 እስከ 12 ላሉት ደግሞ 20 ያህል ነጠላ ጥቅሶችና አንድ ተከታታይ ክፍል ይስማማቸዋል፤ ለምሳሌ 6 ቁጥር ያለው መዝሙር 1 ወይም 13 ቁጥር ያለው 1ኛ ቆሮንቶስ 13። ከዚያ በላይ ያሉት እንደ ያዕቆብ 1 ያለ ባለ 27 ቁጥር ምዕራፍ ይችላሉ። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ የሚያስመሰግን ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ልጆቹ ሁሉንም በግማሽ እንዲይዙ ማድረግ ነው። ለ16 ጥቅስ 10 ሳምንት ይመደብ፦ ለ8 ሳምንት በሳምንት ሁለት ሁለት ጥቅስ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አዲስ ጥቅስ የሌለባቸው የክለሳ ጊዜ።

ደንቡ በጽሑፍ

ደንቡ ከጥቅሶቹ ጋር በዚያው ቀን ይታደል። በመጀመሪያ የጥያቄው ዓይነት ይወሰን። ሦስት የተለመዱ መንገዶች አሉ፦ ምዕራፍና ቁጥሩ ተነግሮ ልጁ ቃሉን ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቃላት ተሰጥተው ይቀጥላል፤ ወይም ቃሉ ተነብቦለት የሚገኝበትን ቦታ ይናገራል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፣ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ባይገባ ይሻላል። ልጁ ከፖስታ ውስጥ ቁጥር ያለበት ካርድ ራሱ ያውጣ። ዳኛ መርጦ ከጠየቀ፣ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ "ለእሱ ቀላል ደረሰው" መባሉ አይቀርም።

የነጥብ አሰጣጡን በተመለከተ ለአንድ ጥቅስ 10 ነጥብ መያዝ ሥራውን ያቀልላል፦ 2 ለምዕራፍና ቁጥር፣ 8 ለቃሉ። ቁጥሩ ለልጁ በሚነገርበት ዙር ጥቅሱን ሲጨርስ ቁጥሩን ደግሞ ይናገርና 2ቱን በዚያ ያግኝ። የተዘለለ፣ የተጨመረ ወይም በሌላ የተተካ ቃል አንድ አንድ ነጥብ ይቀንሳል፤ የዳኛ ጥቆማ ሁለት። ልጁ ራሱ ያረመው ስህተት አይቆጠር፤ ሳያስበው ያመለጠውን ቃል ተመልሶ ማስተካከሉ ቃሉን እንደሚያውቅ ያሳያል። ከመጀመሪያው እንደገና መጀመርም አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት ይፈቀድለት።

ክርክር የሚያስነሱት ግን መካከለኛዎቹ ጉዳዮች ናቸው። ምሳሌ 3፥6ን እንውሰድ፦ "በመንገድህ ሁሉ እርሱን እወቅ፥ እርሱም ጎዳናህን ያቀናልሃል።" ልጁ "በጎዳናህ ሁሉ እርሱን እወቅ፥ እርሱም መንገድህን ያቀናልሃል" ቢልስ? ሁለት ቃል ተሳስቷል፣ ግን ስህተቱ አንድ ነው፤ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ የጠፋ ቃል የለም። አንድ ነጥብ ብቻ መቀነሱ ተገቢ ይመስለኛል። ዋናው ነገር ግን ሦስቱም ዳኞች አንድ ዓይነት ማድረጋቸው ነው፤ ለዚህም ደንቡ ውስጥ ምሳሌ ሊኖር ይገባል። አነጋገርም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ "ወዶአልና" የተጻፈውን ልጅ "ወዷልና" ቢል ያው ቃል ነው፣ ነጥብ አይቀነስበትም። የአካባቢ ቅላጼ፣ ኮልታፋነት፣ የወለቀ የፊት ጥርስ የሚያበላሻቸው ድምፆችም አይቆጠሩም። "እና" እና "ም" ላይ መጨቃጨቅ ለትንንሾቹ ክፍል አያስፈልግም፤ ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉት ግን ቃል በቃል ከተባለ ቃል በቃል ይሁን።

ሰዓት የሚያስፈልገው ሰልፉ እንዲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ለመጀመር 15 ሰከንድ፣ መሐል ላይ ቢቆም 10 ሰከንድ፣ ከዚያ ጥቆማ። ፍጥነት ነጥብ ሊያሰጥ አይገባም። ፍጥነት በተቆጠረበት ውድድር ልጆች ትንፋሽ ሳይወስዱ ይንደቀደቃሉ፣ የሚሉት ነገር ለራሳቸውም አይገባቸውም፤ ዳኞችም የተዘለለውን ቃል መስማት ያቅታቸዋል። መንተባተብ ላለበት ልጅ የሰዓት ገደቡ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ይህም አስቀድሞ ለዳኞች ይነገራቸው እንጂ መድረክ ላይ አይታወጅ። በሰው ፊት መቆም ለማይችል ልጅ በሌላ ክፍል ለአንድ ዳኛ ብቻ እንዲል መፍቀድ ደንብን መጣስ አይደለም፤ የሚለካው የያዘው ቃል ነውና።

ዳኞች ሦስት ይሁኑ፣ ከነሱም ማንም የራሱን ልጅ ወይም ያስተማረውን ልጅ አይዳኝ። እያንዳንዳቸው መስመሩ ሰፋ ብሎ የታተመ የጥቅስ ወረቀት ይዘው የተዘለለውን ቃል በእርሳስ ያክብቡ፣ የተጨመረውን ከላይ ይጻፉ። ነጥባቸው ሲለያይ መካከለኛው ይወሰድ፤ 9፣ 8 እና 5 ከሰጡ ውጤቱ 8 ነው። ጥቆማ የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የሚቀጥለውን አንድ ቃል ይናገራል እንጂ ሐረግ አይጨምርም። ፊታቸው ደግሞ ይጠበቅ፦ ልጅ የዳኛን ፊት እያየ ነው የሚናገረው፤ ጭንቅላት መነቅነቅ ጥቆማ ነው፣ ቅንድብ ማንሳት ደግሞ በትክክል እያለ ያለውን ልጅ ያስተወዋል። ከውድድሩ በፊት ዳኞቹ የማይወዳደሩ ሁለት ልጆችን አዳምጠው ለየብቻ ነጥብ ይስጡና ያወዳድሩ። ደንቡ ያልመለሰው ጥያቄ እዚያ ብቅ ይላል።

እኩል ነጥብ ሲመጣ ከዚያው ወረቀት ሌላ ሦስት ጥቅስ ይጠየቅ። ያልተጠና ጥቅስ አምጥቶ መለያ ማድረግ ዕድልን እንጂ ጥናትን አይለካም።

ጥናቱ

ማንበብና ማጥናት ለብዙ ልጆች አንድ ይመስላቸዋል። ጥቅሱን ሃያ ጊዜ ያነበበ ልጅ "ያዝኩት" ይላል፤ ወረቀቱ ሲነሳ ግን ግማሹ የለም። ቃሉ የሚጸናው ሳያዩ ለማስታወስ ሲሞከር ነው፣ እየተቸገሩም ቢሆን። የጀርመኑ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተያዘ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይረሳል፣ ድግግሞሹን በቀናት ከፋፍሎ ማድረግም በአንድ ቀን ከመከመር ይሻላል። በተግባር ይህን ይመስላል፦ በመጀመሪያው ቀን ትርጉሙ ተብራርቶ አምስት ጊዜ ይነበብ፣ ከዚያ ወረቀቱ ይገልበጥና ልጁ ይሞክር። በማግስቱ ከማንበቡ በፊት ይጠየቅ። ከዚያ በ4ኛው ቀን፣ በ7ኛው፣ በሁለት ሳምንቱ። ለአንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ለትንንሾቹ 5።

ረጅም ጥቅስ በሐሳቡ ይከፈል እንጂ በመስመሩ አይሁን። ዮሐንስ 3፥16 አራት ቁራጭ ይወጣዋል፦ "በእርሱ የሚያምን ሁሉ" / "የዘላለም ሕይወት እንዲኖረው እንጂ እንዳይጠፋ" / "እግዚአብሔር አንድያ ልጁን እስኪሰጥ ድረስ" / "ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና"። ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ከፊት ወደ ኋላ ብቻ ያጠና ልጅ ጅምሩን በጉልበት ይልና ጫፉ ላይ ይዝላል። መድኃኒቱ ከመጨረሻው መጀመር ነው፦ መጀመሪያ አራተኛውን ቁራጭ፣ ቀጥሎ ሦስተኛውንና አራተኛውን፣ እንዲህ እያሉ ወደ ፊት። ልጁ ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ነገር ስለሚሄድ ድምፁም እየጠነከረ ይመጣል።

ዝርዝር ያለበት ጥቅስ የራሱ ችግር አለው። በገላትያ 5፥22-23 የመንፈስ ፍሬ ዘጠኝ ነገር ተዘርዝሯል፦ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የውሃት፣ ራስን መግዛት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያለ ድካም ይያዛሉ። ቸርነትና በጎነት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ "የውሃት" ደግሞ ልጆች የማያውቁት ቃል ስለሆነ ይዘለላል። ሦስት ሦስት አድርጎ በጣት ማስቆጠር፣ "የውሃት"ንም ገርነት ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ያዋጣል። ያልገባ ቃል መጀመሪያ ይጠፋል።

የሚመሳሰሉ ጫፎችም ወጥመድ ናቸው። በማቴዎስ 5 ቁጥር 3 እና ቁጥር 10 ሁለቱም "መንግሥተ ሰማያት የእነርሱ ናትና" ብለው ያልቃሉ። ስለዚህ ልጁ ቁጥር 3ን ብሎ በቀጥታ ቁጥር 11 ላይ ይገኛል፤ ሰባት ቁጥር እንደዘለለ እንኳ አይታወቀውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መጋጠሚያው ብቻውን ይለማመድ፦ የቁጥር 3 መጨረሻና የቁጥር 4 መጀመሪያ፣ የቁጥር 10 መጨረሻና የቁጥር 11 መጀመሪያ፣ ደጋግሞ።

ምዕራፍና ቁጥሩ ከቃሉ በፊትም በኋላም ይባል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ኋላ ላይ ሲለጠፍ አይያዝም። "የዮሐንስ ወንጌል" እና "1ኛ ዮሐንስ" ሙሉ ስማቸው ይጠራ፤ ሁለቱም ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 አላቸው፣ ሁለቱም ስለ ፍቅር ይናገራሉ፣ ልጆችም ያደባልቋቸዋል።

በኅብረት መጥራት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይላል፣ ዓይን አፋሮቹንም ያበረታታል። ግን ያልያዘ ልጅ የጎረቤቱን አፍ ተከትሎ ሲሄድ የያዘ ይመስላል። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይደመጥ። በዜማ ማስጠናትም እንዲሁ ኃይለኛ መንገድ ነው፣ በተለይ ገና ማንበብ ለማይችሉት፤ ዜማው ቃላቱን እንዳይቀይር ብቻ ይታይ፣ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎም ያለ ዜማ መናገር ይጀመር። አለበለዚያ ልጁ መድረክ ላይ ለመናገር በሆዱ መዝፈን ይኖርበታል። ሰሌዳ ካለ ጥቅሱን ጽፎ በየዙሩ ሁለት ሦስት ቃል እያጠፉ ማስባል የማይሰለች ልምምድ ነው።

ሌላው የማይታይ ችግር ቅደም ተከተል ነው። ሁልጊዜ ከ1 እስከ 16 በተራ የሚል ልጅ 9ኛውን ብቻውን ሲጠየቅ ይደነግጣል፤ 9ኛውን የሚያስታውሰው 8ኛው ነበርና። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ካርዶቹ ይበወዙ።

የውድድሩ ቀን

አንድ ልጅ ከነነጥብ መሙላቱ 4 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። 20 ልጅ 80 ደቂቃ ነው፣ ለትንንሾች ይህ ከአቅም በላይ ነው። ከ12 በላይ ከሆኑ በሁለት ክፍል፣ በሁለት የዳኞች ቡድን ይከፈሉ። ትንንሾቹ ይቅደሙ።

ማይክሮፎን ካለ ቀደም ባለው ቀን እያንዳንዱ ልጅ ይሞክረው፤ የራሱን ድምፅ ከድምፅ ማጉያ መጀመሪያ ሲሰማ የማይደነግጥ ልጅ ጥቂት ነው። ወላጆች ከልጁ ጀርባ ወይም ከጎን ይቀመጡ። ፊት ለፊት ከተቀመጡ ሳይታወቃቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልጅ ካለቀሰ ቆጠራው ይቁም፣ ውሃ ይጠጣ፣ ተራውም ወደ መጨረሻ ይዛወርለት፤ ይህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጊዜ የሚፈቀድ መሆኑ ደንቡ ላይ ይኑር።

አንድ ስህተት ሲሠራ የሚወጣበትን የማጥለያ አካሄድ ለልጆች አልመርጥም። ብዙ የለፋው ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ ይቀመጣል፣ የቀሩትን 15 ጥቅሶች ማንም ሳይሰማለት። ሁሉም እኩል ቁጥር ያለው ጥያቄ ይጠየቅ፤ ከመቶ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኙ ሁሉ አንድ ዓይነት ሽልማት ያግኙ። ዝቅተኛ ነጥብ በአደባባይ አይነበብ።

የዳኞቹ ወረቀቶች አይጣሉ። ክበቡ የበዛበት ጥቅስ የቱ እንደሆነ ይታይ፤ ብዙ ልጆች አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አስጠናኑ ላይ ወይም ወረቀቱ ላይ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ያለ ነጥብና ያለ ሽልማት ልጆቹ ያንኑ ጥቅስ ደግመው ይጠየቁ፤ የቀጣዩ ዙር የጥቅስ ብዛትም በዚያ ቀን ቀርቶ በተገኘው መጠን ይወሰን።