ገመድ ሲሰካ የሚድነው ቦርድ

«ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ አንዳንዶቹ ሣጥኖች አይነሱም።»

ከደንበኛው የመጣልን ቅሬታ ይሄው ነበር። ሌላ ዝርዝር የለውም። አረንጓዴዋ የኃይል መብራት ትበራለች፤ ኔትወርክ ላይ ግን ዝም ጭጭ። አጥፍተው ሲያበሩት አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አሻፈረኝ ይላል። ሣጥኖቹ የተተከሉት ሰው በማይውልበት ቦታ ስለሆነ «አጥፍታችሁ አብሩት» ማለት ለነሱ ሰው መላክ ማለት ነው።

የኛ ድርሻ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ኃይል ሲመጣ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነበር። ሣጥኖቹ ውስጥ ያለውን ቦርድ የነደፈው ሌላ ቡድን ነው። እኛ ዩ-ቡት የሚባለውን ቡትሎደር አዘጋጅተንለት፣ ሊኑክስ አስነስተንበት አስረክበናል። ጠረጴዛችን ላይ ያለ ምንም ኮሽታ ሲሠራ ከርሟል።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። የአርም ቺፕ ያለው ቦርድ ኃይል እንዳገኘ በቀጥታ ሊኑክስ አይከፍትም። መጀመሪያ የሚሠራው ቺፑ ውስጥ ከፋብሪካ ተቀርጾ የመጣ፣ ማንም የማይነካው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ቡት ሮም ይባላል። እሱ ከኤስዲ ካርድ ወይም ከኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ ከተበየደ የማከማቻ ቺፕ) ላይ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አንስቶ ቺፑ ውስጥ ባለችው ጠባብ ሜሞሪ ላይ ያሳርፋል። ይሄኛው ኤስፒኤል ነው። በዚህ ሰዓት ዋናው ራም ገና አልነቃም። የኤስፒኤል ዋና ሥራ እሱን መቀስቀስ ነው። ራሙ ከነቃ ሙሉው ዩ-ቡት ይጫናል፣ ራሱን ወደ ራሙ ላይኛው ጫፍ ይገለብጣል፣ ከዚያ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ከዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ክፍሎች ከሚዘረዝረው ፋይል) ጋር ጭኖ ቦታውን ይለቃል።

ለአዲስ ቦርድ ዩ-ቡት ሲዘጋጅ ከባዶ የሚጀምር የለም። ቺፑን የሠራው ኩባንያ የሚሸጠው የመሞከሪያ ቦርድ አለ። የሱ ኮንፊግና ዲቫይስ ትሪ ይገለበጣል፤ ከዚያ የሚለየው ብቻ ይቀየራል። የራሙ መጠንና ታይሚንግ (የጊዜ ቅንብር)፣ የኔትወርክ ቺፑ ዓይነት፣ የትኛው ፒን ምን እንደሚሠራ። የሚመሳሰለውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለምን ያየዋል? ይሠራል እኮ።

ደንበኛው እምቢ ካሉት ቦርዶች ጥቂቱን ፈቶ ላከልን። ቦርዱ ከኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ የሚነጋገርበትን ሲሪያል ገመድ ሰካንና አበራን። ተነሳ። አጥፍተን አበራን። ተነሳ። ሁሉም እንደዚያው። ጥርሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው አድሮ ሐኪሙ በር ላይ ሲደርስ የሚሻለው ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ልክ እንደዚያ።

እንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚከሰሰው ራም ነው። የሃርድዌሩ አለቃ ገና ሳይቀመጡ «ታይሚንጉን እዩት» አሉ። የራም ታይሚንግ ያለው ኤስፒኤል ውስጥ ነው፤ ኤስፒኤል ደግሞ የኛ ነው፤ ስለዚህ ክሱ ወደ ማን እንደዞረ ግልጽ ነው። እኛም አልተኛንም። «የኃይል አቅርቦታችሁ ሲነሳ ቀስ ይላል፣ ቺፑ ቮልቴጁ ሳይረጋ ከሪሴት እየወጣ ነው» አልን። ሁለቱ ቡድኖች ሆድና ጀርባ ሆኑ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ጥርጣሬዎች የሚናቁ አልነበሩም። በየትኛውም አዲስ ቦርድ ላይ ብትጠይቁኝ እኔም ከነዚሁ ከሁለቱ ነው የምጀምረው።

የሜሞሪ ፈተናው ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። አንድም ስህተት የለም። የኃይል መስመሩን በኦሲሎስኮፕ አየነው። ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ቦርዱን እያጠፋ የሚያበራ መፈተሻ ሠራን። የቦርዱን ንግግር በሲሪያል ገመድ እየሰማ ፋይል ላይ ይጽፋል። ጠዋት ገብተን ሎጉን ስንከፍተው ሁሉም ንጹሕ። ቦርዱ እንቁልልጭ የሚለን ይመስል ነበር።

ነገሩን የያዘችው ተለማማጃችን ናት፤ እሷም ልትይዘው ብላ አይደለም። ለሌላ ሥራ ሲሪያል ገመድ አጥሯት ከዚህ ቦርድ ላይ ነቀለች። ቦርዱን አጥፍታ ስታበራው ፒንግ (በኔትወርክ የሚላክ የ«አለህ?» ጥሪ) አይመልስም። ገመዱን መልሳ ሰክታ አጥፍታ አበራችው። መለሰ።

«ገመዱን ስነቅለው እኮ ነው የሚጠፋው» አለችኝ።

«አጋጣሚ ነው።»

«እሺ፣ ቁጭ በልና እየው።»

ቁጭ ብዬ አየሁት። ሲነቀል፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ይጠፋል። ሲሰካ ሁልጊዜ ይነሳል። የማታ መፈተሻችን ለምን ንጹሕ ሎግ እንደሚያስታቅፈን ያን ጊዜ ገባኝ። ሎጉን ለመያዝ ገመዱ መሰካት ነበረበት። ገመዱ እስካለ ድረስ ደግሞ በሽታው የለም።

እንግዲህ ካላየኸው በስተቀር የማይታመምን ነገር እንዴት ታየዋለህ? ኤልኢዲ ማብራት አንዱ መንገድ ነው፤ ኤስፒኤል ሲጀምር አንዴ፣ ዩ-ቡት ራሱን ከገለበጠ በኋላ ሁለቴ ብልጭ እንዲል ማድረግ። እሱን ልጽፍ ስል ተለማማጇ የቀለለ ነገር አመጣች። ሲሪያል ገመዱ ሦስት ሽቦ ነው፤ አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ ቦርዱ የሚናገርበት፣ አንዱ ቦርዱ የሚሰማበት። «የሚሰማበትን ብቻ ብንነቅለውስ?» አለች። ቦርዱ ይናገር፣ እኛ ግን ለሱ ምንም አንበለው።

ነቀልነው። አበራነው።

የተለመዱት መስመሮች ወረዱ። የኤስፒኤል ስሪት፣ የዩ-ቡት ስሪት፣ የራሙ መጠን፣ የኢኤምኤምሲው ስም። ከዚያ «ለማቆም ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» የምትለዋ መስመር መጣች፤ ከጎኗ የ2 ሰከንድ ቆጠራ። ቆጠራው ሳያልቅ ቀጥ አለ። ከሥሩ => የሚለው ምልክት ብቅ አለ። ይሄ ማለት ዩ-ቡት ሊኑክስን መጫኑን ትቶ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ኪቦርዱን የነካ ሰው የለም። ብንነካውስ? ሽቦው ተነቅሏል፤ ምን ሊደርሰው!

ትንሽ ቆይቶ ከምልክቱ አጠገብ ማንም ያልጻፋቸው ፊደሎች መንጠባጠብ ጀመሩ። አንዱ ጥያቄ ምልክት፣ አንዱ ምንነቱ የማይታወቅ ኮተት። እጄን ከቦርዱ ማገናኛ ወደሚወጣው ጠፍጣፋ ሪባን ገመድ ሳስጠጋ እንደ ጉድ ተግተለተሉ። ዩ-ቡት በትሕትና «ይህን ትእዛዝ አላውቀውም» እያለ መለሰ። ሁለቱም ቡድኖች ስክሪኑ ላይ ተሰበሰቡ። የሃርድዌሩ አለቃ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ስዕሉን ዘረጉ። ብዙም አልፈለጉ።

ሲሪያል መስመር ሥራ ሲፈታ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ ነው የሚቆመው። ወደ ታች ሲወርድ «ፊደል ሊጀምር ነው» ማለት ነው። በሰከንድ 115200 ቢት ፍጥነት አንዷ ቢት 8.7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ብቻ ናት። ማንም ያልያዘው ፒን ደግሞ አንቴና ነው። ከአጠገቡ የሚያልፍ መስመር፣ የሪሌ ብልጭታ፣ የሰው እጅ፣ ሁሉም ያወዛውዘዋል። ከእነዚያ ውዝዋዜዎች አንዷ ወደ ታች ወርዳ ትንሽ ከቆየች ለቺፑ ፊደል መጣ ማለት ነው። ዩ-ቡት በቆጠራው ላይ የሚጠይቀው «ፊደል መጥቷል?» ብሎ ብቻ ነው። ምን ፊደል እንደሆነ ጉዳዩ አይደለም። የኛው የሲሪያል ድራይቨር ደግሞ ፊደሉ በወጉ የተዘጋ መሆን አለመሆኑን ሳያይ ነበር የሚያነበው።

ታዲያ የመሞከሪያው ቦርድ ላይ ለምን አልታየም? እሱ ላይ ሲሪያሉን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረው ቺፕ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ ኃይሉንም ከቦርዱ ነው የሚወስደው። ገመድ ኖረም አልኖረ መስመሩን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ የፒኑ ውስጣዊ ፑል-አፕ (መስመሩን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ሬዚስተር) ቢጠፋም ማንም አይጎዳም። የደንበኛው ቦርድ ላይ ይሄ የዩኤስቢ ቺፕ ወጪ ለመቆጠብ ተወገደና በቦታው ባዶ ማገናኛ ቀረ። የፒን አቀማመጡ ግን እንዳለ ተገልብጧል፤ ፑል-አፕ የለም። ውጪ ላይም ሬዚስተር የለም። በዚያ ላይ ሣጥኑ ውስጥ ከማገናኛው እስከ ፓነሉ የሚሄድ ሪባን ገመድ አለ፤ በሪሌዎቹ አጠገብ ያልፋል። አንዳንዱ ሣጥን ታሞ አንዳንዱ ደህና የሆነው በገመዱ አነጣጠፍ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ዋችዶጉ ነው። ቦርዱ ሲፈዝ ሪሴት የሚያደርገው ዋችዶግ በርቶ ነበር፤ ደንበኛውም «ቢቆም ራሱ ይነሳል» ተብሎ ተማምኗል። ነገር ግን ዩ-ቡት => ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ሲጠብቅ ዋችዶጉን በየጊዜው «አለሁ፣ አለሁ» ይለዋል። እንዲያ ባይሆን አንድ ሰው ትእዛዝ እየጻፈ ሳለ ቦርዱ ከእጁ ላይ ሪሴት ይሆንበት ነበር። በዋችዶጉ ዓይን ቦርዱ ፍጹም ጤነኛ ነው። የሚጠብቀው ሰው ግን የለም።

ይሄ ከዩ-ቡት ታሪክ ጋር ይሄዳል ብዬ አስባለሁ። ቮልፍጋንግ ዴንክ ለፓወርፒሲ ቺፖች ፒፒሲቡት ብሎ የጀመረው ሥራ ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ከአርምቡት ጋር ተዋሕዶ አሁን የምናውቀውን ስም ያዘ። ተጠቃሚዎቹ አዲስ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ገመድ ሰክተው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ «ማንኛውም ቁልፍ» ትልቅ ውለታ ነው። ከርነሉ ሲበላሽ ሕይወት አድን ናት። ሣጥን ውስጥ ታሽጎ የሚሄድ ቦርድ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ዲፎልቱ ግን የጠረጴዛው ነው።

መፍትሔው ላይ እንደገና ተጨቃጨቅን። የሃርድዌሩ ቡድን ለቀጣዩ ዙር የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመረ፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም። ለተተከሉት ቦርዶች የቺፑን ውስጣዊ ፑል-አፕ በዲቫይስ ትሪው አበራን። ፑል-አፑ ሲሪያሉ ከመከፈቱ በፊት መብራት ስላለበት ለውጡ ኤስፒኤሉም ውስጥ ገባ። ክርክሩ የተነሳው ቆጠራው ላይ ነው። ደንበኛው «ዜሮ አድርጉትና ይለቅ» አለ። ዜሮ ግን አያድንም፤ ዩ-ቡት ቆጠራው ዜሮ ሲሆንም አንዴ ፊደል መኖሩን ያያል። ጨርሶ እንዳያይ ከተፈለገ የቆጠራው ቅንብር (ቡትዲሌይ) -2 መሆን አለበት። -2 ከሆነ ደግሞ ከርነሉ የተበላሸበትን ቦርድ በሲሪያል ገብቶ ማዳን አይቻልም። እኔ -2ን አልወደውም፤ መስኮቱን ግንብ አድርጎ ሌባ ተከላከልኩ እንደማለት ሆኖ ይታየኛል። የተስማማነው በሦስተኛው ነው። ማንኛውም ቁልፍ ሳይሆን የተወሰነ ቃል ሲጻፍ ብቻ እንዲቆም አደረግን። ኮተት ፊደል ያንን ቃል በአጋጣሚ አይጽፈውም። ከዚያ ላይ => ላይ ቆሞ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ትእዛዝ ካልመጣ ራሱ እንደገና እንዲሞክር የሚያደርገውን አማራጭ ጨመርን።

መፈተሻውም ተቀየረ። አሁን ከቦርዶቹ ግማሾቹ ምንም ገመድ የላቸውም፤ መነሳታቸው የሚታወቀው በፒንግ ብቻ ነው። ሎግ ስለሌላቸው ሲወድቁ ለምን እንደወደቁ አይነግሩንም፤ መውደቃቸውን ግን ይነግሩናል።

የተተከሉትን ማደስ የራሱ ጣጣ ነበረው። ቡትሎደር እየጻፍክ ኃይል ከተቋረጠ ቦርዱ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። ደግነቱ ኢኤምኤምሲ ሁለት የቡት ክፍሎች አሉት። አዲሱን ሥራ ላይ ባልነበረው ክፍል ላይ ጻፍን፣ መልሰን አንብበን ከዋናው ጋር አስተያየነው፣ ልክ መሆኑን ካየን በኋላ ብቻ ቡት ሮሙ ወደዚያ እንዲያይ ቀየርነው። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ከሊኑክስ ውስጥ ነው። => ላይ ተቀርቅረው የቀሩት ቦርዶች ደግሞ ሊኑክስ የላቸውም። ለእነሱ ደንበኛው የግድ ሰው ላከ። ሰውየው ጋ በስልክ ሆነን፣ አጥፋው፣ አብራው፣ ፒንግ መለሰ? አልመለሰም፤ በል ድገመው። አንዱ ሣጥን አልነሳም ብሎ ሲያስመርረን ተለማማጇ ስልኩን ተቀብላ «ወንድሜ፣ ያቺን ሪባን ገመድ ከማገናኛው ላይ ንቀላትና ሞክረው» አለችው። በሚቀጥለው ተነሳ፤ እኛም ሳይጠፋብን ማደሻውን ጫንበት።