ጎንደር ላይ ጅብ ለማየት 11 ሌሊት ጣራ ላይ ያሳለፍኩት ጉድ

ጎንደር ያደገ ሰው ጅብን የሚያውቀው በጆሮው ነው። አልተኛ ስንል "አያ ጅቦ መጣልህ" እየተባልን አድገን፣ ከአንገረብ በኩል ሲጮህ ብርድ ልብስ ውስጥ እየገባን፣ በቃ ይሄው ነው። እኔም እስከ 29 ዓመቴ ድረስ በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው የካቲት ግን የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ያላለቀ ጂ ፕላስ ዋን ስላለ ጣራው ላይ ወጥቼ ላየው ወሰንኩ።

የመጀመሪያዎቹ 4 ሌሊቶች ባዶ። ኮሽ ባለ ቁጥር ነጭ ባትሪዬን ቦግ አረጋለሁ፣ ሲደብረኝ ስልክ እነካካለሁ። የግቢው ዘበኛ አባባ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቀና ብለው "አንተ ልጅ፣ ጅብ ልታይ ነው ወይስ ለጅብ ልትታይ?" አሉኝ ሃሃሃ። ምን ላርግ ታዲያ ስላቸው "አጥፋውና ቁጭ በል" ብቻ። ለካ የሰው አይን ጨለማ በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዴ ስልክ ካየህ ያ ሁሉ ከንቱ ነው። ጅቡ ደግሞ አይኑ ውስጥ ከኋላ በኩል እንደ መስታወት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ያችኑ ጭላንጭል ሁለቴ ይጠቀምባታል፣ ባትሪ ሲያርፍበት አይኑ የሚያበራውም ለዛ ነው። ባትሪዋን ቀይ ፌስታል ደርቤ በላስቲክ አሰርኳት፣ ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሻቸውም።

5ኛው ሌሊት መጡ። ከሌሊቱ 8 ሰአት ተኩል ገደማ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አበደ፣ ከዛ ባንዴ ጭጭ። ያቺን ጭጭታ ልብ በሉ፣ ከጩኸቱ በላይ የምትናገረው እሷ ናት። ሶስት ሆነው በቱቦው ዳር ወጡ፣ ግዙፉ ከፊት። መሪውን ወንድ ነው ብዬ ነበር፣ ኧረ ምኑ! ጅብ ጋር ትልቋም አለቃዋም ሴቷ ናት፣ ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድማ ከግልገል በታች ነው። ብልታቸው ሳይቀር ስለሚመሳሰል ያየኋት ሴት ናት ብዬ አልምልም፣ በግዝፈቷ ግን እገምታለሁ። አባባ ደግሞ ሩቅ ሲጮህ ሰምተው "ይቺ የትናንቷ ናት" ሲሉ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ሳነብ ለካ የየአንዳንዱ ጅብ ጩኸት የራሱ መለያ አለው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ቅበላ ሳምንት ስለነበር ቶሎ ቶሎ እንዲመጡልኝ ከአንድ ስጋ ቤት አጥንት እየለመንኩ ከአጥሩ ውጪ መጣል ጀመርኩ። 3 ሌሊት ሲኒማ ነው፣ የበሬ ጭን አጥንት እንደ ቆሎ ሲቆረጥም ትሰማለህ፣ ጠዋት እዳሪው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከዛ ሁዳዴ ገባ፣ ስጋ ቤቱ ዘጋ፣ አጥንት ቀረ። ጅቦቹ ግን ሰፈሩን ለምደውታል፣ ማን ጾም ነው ብሎ ይንገራቸው? ትግራይ ውስጥ የጅብ እዳሪ ላይ ያለውን ጸጉር ያጠኑ ሰዎች ሁዳዴ ላይ የከብት ስጋ ትራፊ ሲጠፋ ጅብ ወደ አህያ እንደሚዞር ጽፈዋል። ይሄን ያነበብኩት ከ11ኛው ሌሊት በኋላ ነው እንጂ።

11ኛው ሌሊት ላይ የጎረቤታችንን የእትዬን አህያ የኋላ ታፋዋን ነከሷት። አባባ በዱላና በጩኸት ደረሱላት፣ እኔ ጣራ ላይ ቀይ ባትሪዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የእንስሳት ሐኪሙን ከፈልኩ፣ የአጥንቱን ነገር ግን ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝና "ታዲያ ጠርተህ ካመጣሃቸው አንተው ጠብቃታ!" አሉኝ።

አህያዋ አሁን ማታ ማታ እኛ ግቢ ነው የምታድረው፣ ገለባዋንም እኔ ነኝ የምገዛው።