የጋርጋስ እጆች በአራተኛ ክፍል

ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ጋርጋስ የሚባል ዋሻ አለ። ግድግዳው ላይ 200 ገደማ የእጅ ምስሎች ይታያሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ 27,000 ዓመት ይገመታል። ሰውየው እጁን ድንጋዩ ላይ ይለጥፋል፣ ቀይ ወይም ጥቁር ቀለም ዙሪያውን ይነፋበታል፣ እጁን ሲያነሳ ቅርጹ ይቀራል። ብዙዎቹ እጆች ግን ሙሉ አይደሉም። አንዱ ላይ ጣት የለም፣ ሌላው ላይ ሁለቱ ግማሽ ላይ ቀርተዋል።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ስዕል አስተምራለሁ። ልጆች የጥንት ሰው ሲባሉ ጦር የያዘ ፂማም አዳኝ ብቻ ነው የሚታያቸው። የዚያን ዘመን ልጅ ማንም አያስበውም። እኛው አገር መልካ ቁንጥሬ ላይ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል፤ ከመካከላቸው የትንንሽ ልጆች ዱካ አለ። ፈረንሳይ ሩፊኛክ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ለስላሳው ግድግዳ ላይ በጣት የተሰመሩ መስመሮች አሉ፣ ተመራማሪዎች የጣቶቹን ስፋት ለክተው ከሠሩት መካከል አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ እንደነበረች ደርሰውበታል፣ አንዳንዱ መስመር ደግሞ ቁመቷ ከሚደርስበት በላይ ስለሆነ ትልቅ ሰው አንስቶ ይዟት ነበር ማለት ነው። ይህቺ ልጅ ሁልጊዜ ልቤን ትነካዋለች።

አራተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ አለችኝ። ሕፃን ሆና እሳት አቃጥሏት የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አጭር ናቸው። የሐዋሳ ሙቀት እየታወቀ ሹራቧን አታወልቅም፤ እጇ ሁሌም እጅጌዋ ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም።

የእጅ ምስል ልናትም እንደሆነ የሰማ አንድ ባልደረባዬ ከክፍሉ በፊት ጠራኝና፣ «ለእሷ ሌላ ሥራ ስጫት፣ አታሳቅቂያት» አለኝ። ሐሳቡ ከደግነት ነው። እኔ ግን አልተስማማሁም። አንድን ልጅ ለብቻው ነጥሎ ሌላ ሥራ መስጠት፣ ሁሉም ያየውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር ነው። «አይዞሽ፣ ጎበዝ ሁኚ» ማለትም አልፈለግኩም፣ ምክንያቱም እንዲህ ሲባል ሠላሳ ጥንድ ዓይን ወዲያው ወደ እሷ ይዞራል። ዝም ብዬ የጋርጋስን ፎቶዎች ግድግዳው ላይ አበራሁ።

ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ ጣታቸው የት ሄደ?» ያልታወቀ መሆኑን ነገርኳቸው። ብርድ ቆርጦት ነው የሚሉ አሉ፣ በሽታ ነው የሚሉ አሉ፣ ሆን ብለው ቆርጠውት ነው የሚሉም አሉ፣ ጣታቸውን አጥፈው ምልክት እየሰጡ ነው የሚሉም አሉ። አንዱ ልጅ «ጅብ በልቶት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። በዚህ መሀል ከኋላ ወንበር እሷ፣ «ቲቸር፣ ራሳቸው ናቸው ወይስ ሰው ነው የሠራላቸው?» አለች።

ቀለሙን ሌላ ሰው ሊነፋላቸው ይችላል፣ እጁን ግድግዳው ላይ የሚያደርገው ግን ባለቤቱ ነው አልኳት። ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። ጥበቃችን ከገጠር ያመጣልን ቀይ አፈር ነበር፤ በውኃ በጥብጠን፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥረን፣ በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ መንፋት ጀመርን።

ተራዋ ሲደርስ እጅጌዋን ሰበሰበች። እጇን ጨርቁ ላይ ለጥፋ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ «ንፊልኝ» አለቻት። ፊቷ ቀልቷል፣ ትንፋሿ ይሰማል፣ እጇን ግን አላነሳችም። እኔ ሌላ ልጅ የማግዝ መስዬ ዞርኩ፤ አይዞሽ ለማለት አፌን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ የእሷን ሲያዩ እነሱም የጋርጋስን ዓይነት ካልሠራን አሉና ጣታቸውን እያጠፉ ማተም ጀመሩ። እሷ ጨርቁን ቀርባ አየችና አንዱን ልጅ፣ «አንተ አጥፈኸዋል፣ ያስታውቃል» አለችው። እንዴት አወቅሽ ሲላት አሳየችው። የታጠፈው ጣት መዳፉን ከጨርቁ ስላነሳው ቀለሙ ሥር ገብቶ ጠርዙ ደብዝዟል፤ የእሷ ግን ጥርት ያለ ነው። ተመራማሪዎችም ጣታቸውን እያጠፉ ይህንኑ ሞክረዋል፣ የጋርጋስ እጆች ታጥፈው ነው ወይስ ጎድለው የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አልተዘጋም። ልጆቹ እየተጠራሩ «የእኔስ? የእኔስ?» እያሉ ወደ እሷ ይሮጡ ጀመር። የደበቀችው እጅ የክፍሉ መለኪያ ሆነ። ወደ ደወሉ ላይ ሹራቧ ወንበሯ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ያ ባልደረባዬ ጨርቁን አይቶ የመምህራን ክፍል ውስጥ ረጅም ጊዜ አወራን። እሱ የሚፈራው ልጅ እንዳይሸማቀቅ ነው፤ እኔም የምፈራው ያንኑ ነው። ልዩነታችን ልጁን ከሥራው ማውጣት እና ሥራው ውስጥ ለልጁ ቦታ ማግኘት ላይ ነው። አሁን እሱም ለሳይንስ ክፍሉ ጨርቁን ሊዋሰኝ ጠይቋል። እኛ ደግሞ ቀጥለን ዲላ አካባቢ ሸጴ ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ከብቶች ልናይ እያሰብን ነው፤ የትራንስፖርቱን ነገር ከወላጆች ጋር እየተነጋገርን ነው።

መሞከር ለምትፈልጉ መምህራን፦ ሁለት ባዶ ቀፎ ያስፈልጋል። አንዱን ቀለሙ ውስጥ አቁሙት፣ ሌላውን ጫፉ ላይ አግድም ይዛችሁ ንፉ፣ ቀለሙ ወደ ላይ ተስቦ ይረጫል፣ አፍ ውስጥም አይገባም። የተበጠበጠውን አፈር አስቀድማችሁ በሻሽ አጣሩት፣ አለዚያ ቀፎው ይደፈናል።