የበግ ልብ፣ የኔ ልብ

ዛሬ ደሴ ሙሉ ቀን ጉም ውስጥ ነው የዋለችው። የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም፣ ፒያሳ ያለው ሰው ሁሉ ጋቢውን ጃኬቱን ደራርቦ ትከሻውን ሰብስቦ ነው የሚሄደው፣ እኔም እንደ አየሩ ነኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ማንም ምንም አላለኝም፣ እንዲሁ ደብሮኛል። ያ የምታውቁት ሰውዬ ከሰዓት «ሰላም ነሽ ወይ» ብሎ ቴክስት ልኮ ነበር፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰላም ነሽ ወይ ብቻ፣ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ማታ ደግሞ መብራት ሄደ፣ እማ «ባትሪውን አትጨርሺ» ብላኝ ገብታ ተኛች፣ እኔም በግራ ጎኔ ጋደም ከማለቴ ይሄው ጀመረኝ። ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ፣ ትራሱ ውስጥ ሰው ያለ ነው የሚመስለው።

በግራ ሲተኙ ለምን እንደሚሰማ አውቃለሁ እኮ፣ እንጀራዬ ነው። ልብ ሰው ሁሉ ግራ ጡቱን ይዞ ቢምልበትም ያለው ደረት መሃል ነው፣ ጫፉ ብቻ ነው ወደ ግራ ያዘነበለው፣ በግራ ጎን ስንተኛ ያ ጫፍ ወደ ደረታችን ግድግዳ ይጠጋና ምቱ በደንብ ይሰማል። ዱብ ዱብ የሚለው ድምፅ ደግሞ በዋናነት የቫልቮቹ፣ ማለትም የልብ በሮች፣ መዘጋት ነው። የመጀመሪያው ዱብ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መሃል ያሉት ሁለቱ ሲዘጉ ነው፣ ሁለተኛው ዱብ ደግሞ ደም ወደ ሳንባና ወደ ቀሪው ሰውነት የሚወጣባቸው ሁለቱ ሲዘጉ። ይሄን ሁሉ ቀን ላይ በጠመኔ አስረዳለሁ፣ ሌሊት ላይ ግን እውቀቱ ከጠመኔው ጋር ትምህርት ቤት ነው የሚያድረው መሰለኝ፣ ጨለማ ውስጥ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ነው፣ ቆይ አሁን ሦስተኛው ዱብ ቢቀርስ?

ብቻ ጉድ ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ እንኳ ብንለው በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ዝም ብለን ተቀምጠን በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ይገፋል፣ በቀን ከ7,000 ሊትር በላይ ማለት ነው፣ በኛ ሰፈር ስሌት ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ከ350 በላይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ወገቡ ያውቀዋል። ደሙ ደግሞ ሌላ ደም አይደለም፣ ያው አምስት ሊትር የምትሆን ደም ናት በየደቂቃው ዞራ የምትመለሰው። የሚሠራው ደግሞ ጭብጥ የሚያክል፣ 300 ግራም ገደማ የሚመዝን ሥጋ።

ሥጋ ስል ያ የበግ ልብ ትዝ አለኝ። ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ይዤ የገባሁት። ስዕሉ ሰልችቶኝ ነበር፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀባውን ስዕል ያየ ልጅ ፈተና ላይ ሄዶ «ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሰማያዊ ነው» ብሎ ይጽፍልኛል፣ እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ እበግናለሁ፣ ሰማያዊ ደም የለም ልጆች፣ ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም ጠቆር ይላል እንጂ ያው ቀይ ነው። እና ሉካንዳ ሄድኩ። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሉካንዳ ስትሄዱ መጀመሪያ የማን ሥጋ የሚለው አለ። ክፍሌ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ነው፣ ቤታችንም ያው ነው፣ በአረፋም በፋሲካም ለእንግዳው ተብሎ ለብቻ የሚታረድ አይጠፋም። የማይበላ ነገር ላይ ይሄን ሁሉ ሳስብ ቆሜ በመጨረሻ ቅርብ ያለው ጋ ገባሁና «ልቡን ከነስሩ ስጠኝ፣ ከላይ ያሉትን ቱቦዎች እንዳትቆርጣቸው» ስለው ሰውዬው ቢላዋውን አስቀምጦ አየኝ። «እቴ፣ ለምንድነው ግን?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለትምህርት ነው ብለው አላመነኝም። አሁንም በዚያ ሳልፍ በጎሪጥ ነው የሚያየኝ፣ ደብተራ ጋ የምመላለስ ነው የመሰልኩት።

ክፍል ውስጥ ከፊት ያሉት ሴቶች በሻሽ በሂጃባቸው አፍንጫቸውን ያዙ፣ ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ወጡ። ቢላዋውን አንድ ከኩታበር የሚመጣ ልጅ ተቀበለኝ፣ ዝምተኛ ነው፣ ሀገር ቤት ስንት በግ እንደገፈፈ እጁ ይናገራል፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ የምቆርጠውን እሱ ሁለቴ ሳብ አድርጎ ከፈተው። ሲከፈት ክፍሉ ዝም አለ። የቀኙ ቬንትሪክል፣ ማለትም የታችኛው ክፍል፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሳንባ እዚሁ ጎኑ ስለሆነ ብዙ ጉልበት አይጠይቀውም፣ የግራው ግን ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል፣ እስከ ጭንቅላት እስከ እግር ጣት መላክ ያለበት እሱ ነው። ቫልቮቹ ስር ደግሞ ነጫጭ ቀጫጭን ጅማቶች አሉ፣ ከታች ከግድግዳው ከሚነሱ ጉብ ጉብ ካሉ ትናንሽ ጡንቻዎች ተነስተው የቫልቩን ጠርዝ የያዙ። አንዷን በጣቴ ሳብኳት። የስፌት ክር የምታክል ናት፣ አልበጠስም አለችኝ፣ ቫልቩ ግን ተከትሎኝ መጣ። ቫልቭን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የደሙ ግፊት ነው፣ የነዚህ ጅማቶች ሥራ ቫልቩ ወደ ላይ እንዳይገለበጥ መያዝ ነው፣ በቃ፣ ዕድሜ ልክ መያዝ።

የኩታበሩ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ጀመረ፣ በግራና በቀኝ መሃል ያለውን ግድግዳ በጣቱ ይጎረጉራል። «ቀዳዳ የለውም እንዴ?» አለ። ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ጋለን የሚባለው የጥንት ሐኪም አለ ብሎ ነው ያስተማረው፣ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ በማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል ብሎ፣ ዓለምም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ተቀበለው። ግድግዳው ድፍን ነው፣ ደሙ በሳንባ ዞሮ ነው የሚመጣው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1242 የጻፈው ኢብን አል-ነፊስ ነው፣ ደማስቆ የተማረ ካይሮ የኖረ ሐኪም፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃርቪ የደም ዝውውርን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1628 ከማሳተሙ ወደ አራት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ። ይሄን ስናገር የኋላ ረድፍ «ሰማችሁ!» ብሎ ጮኸ፣ ያ ቀን ባዮሎጂን የወደዱት ይመስለኛል። ከላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ግን አንድ ስስ ቦታ አለች፣ በጣት ስትነካ ትለያለች። ማህፀን ውስጥ ሳንባ ስለማይሠራ ደሙ በዚያች ቀዳዳ ነው አቋርጦ የሚያልፈው፣ ተወልደን ስንተነፍስ ነው የምትዘጋው፣ ከአራት ሰው ባንዱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳትዘጋ ትቀራለች፣ አብዛኛው ሰው ሳያውቃት ኖሮ ይሞታል። ምናልባት ይሄን እያነበባችሁ ካላችሁት ውስጥ... ተውት፣ እኔ ነኝ አሁን ይሄን ሳስብ የማድረው።

(ልቡን በመጨረሻ ጥበቃው ለውሻው ወሰደው። «ይሄማ ለወጥ ይሆን ነበር» ብሎ አዝኗል።)

ቫልቭ ባልኩ ቁጥር ግን የምትመጣብኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ትንሽ እያለች ጉሮሮዬን አመመኝ ትል ነበር፣ ቶንሲል ነው ተባለ፣ ዝንጅብል በማር ተባለ፣ እናቷ እንጥሏን ላስቆርጥላት ብላ እማ ናት የተቆጣቻት። ጉሮሮው ዳነ። ከሳምንታት በኋላ አንዴ ጉልበቷ አንዴ ቁርጭምጭሚቷ ማበጥ ጀመረ፣ እሱም ዳነ። ከዓመታት በኋላ ነው ሸዋ በርን ዳገት ስትወጣ ቁጭ እያለች የምታርፈው። ባክቴሪያው ስትሬፕቶኮከስ ነው፣ ልቧን ግን የጎዳው እሱ ራሱ አይደለም፣ እሱን ሊወጋ የተነሳው የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ነው ቫልቩን ከጠላት ጋር አምታቶ የሚያጠቃው፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ያለውን፣ ሚትራል የሚባለውን። ቫልቩ ጠባሳ ይይዛል፣ ይወፍራል፣ ወይ በደንብ አይከፈት ወይ በደንብ አይዘጋ። አሁን ወር በገባ ቁጥር ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች፣ ጉሮሮዋ በዚያ ባክቴሪያ ዳግም እንዳይያዝና እንዳይብስባት። መርፌው ያማል፣ ወፍራም ነው፣ ሁለት ቀን ታነክሳለች። ገና ሲጀምር የጉሮሮ ሕመሙ በፔኒሲሊን ታክሞ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። እማ ይሄን እንዳልደግመው ትለኛለች፣ እናቲቱ ሰምታዋለች በቃ፣ ስንቴ ትስማው።

ቆይ ምን ልጽፍ ነበር የተነሳሁት? ጠፋኝ።

ሌላው የሚገርመኝ እረፍቱ ነው። ልብ አያርፍም ይባላል፣ ውሸት ነው። በደቂቃ 75 የሚመታ ልብ ለአንድ ምት 0.8 ሰከንድ የሚያክል ነው ያለው፣ ከሱ ውስጥ ቬንትሪክሉ የሚጨመቀው 0.3 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፣ በቀረው 0.5 ላላ ብሎ ይሞላል። 60 ዓመት የኖረ ሰው እንግዲህ ልቡ ከ37 ዓመት በላይ አርፏል ማለት ነው። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ያረፍኩትን ብትደምሩት... አትደምሩት። የራሱን ምግብ የሚያገኘውም ያኔ ነው። ልብ በደም የተሞላ ሆኖ ከዚያ ደም ለራሱ ጡንቻ በቀጥታ አይቀዳም፣ ደሙ መጀመሪያ ይወጣና ከአኦርታው (ከልብ ከሚወጣው ዋናው ደም ስር) መነሻ ላይ ከሚነሱት ሁለት ቀጫጭን ደም ስሮች፣ ኮሮነሪ ከሚባሉት፣ ድርሻው ይመለስለታል፣ የመጀመሪያዎቹ ቅርንጫፎች የሱ ናቸው። የግራው ቬንትሪክል ደግሞ እየተጨመቀ እያለ ደም ስሮቹን ራሱ ስለሚጫናቸው በብዛት የሚደርሰው ላላ ሲል ነው። ምቱ ሲፈጥን በዋናነት የሚያጥረው ያ እረፍት ነው። ብዙ ሲሠራ የሚበላበት ጊዜ ያጥርበታል፣ የሆነ የማውቀው ሰው ይመስላል።

በ2014 ያን ሰሞን፣ የቱን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እማ ሌሊት እጄን ወስዳ ደረቷ ላይ ታስቀምጥ ነበር። «እይው እስቲ፣ ልቤ ሊወልቅ ነው» ትለኛለች። እኔም «አብሽሪ እማ፣ አድሬናሊን ነው» እላታለሁ፣ አይ መምህር መሆን። «እሱ ደሞ ማነው?» አለችኝ። ድንገተኛ ሐዘንና ድንጋጤ የግራውን ቬንትሪክል ጫፍ ለጊዜው አሳብጦ ሥራ የሚያስፈታበት በሽታ አለ፣ መጀመሪያ የጻፉት ጃፓኖች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1990፣ በብዛት የሚይዘውም ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን ነው፣ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ለእማ አልነገርኳትም። የሷ አድሬናሊን ብቻ ነበር መሰለኝ፣ ጠዋት ተነስታ ቡና አፈላች።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም፣ የኩታበሩ ልጅ ነው። በዚያው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ልብ ከጭንቅላት ትእዛዝ አይጠብቅም አልኳቸው። በቀኙ ላይኛ ክፍል ጥግ ላይ ራሷን የምትቀሰቅስ ትንሽ ሥጋ አለች፣ ኪዝና ፍላክ የሚባሉ ብሪታኒያውያን ናቸው እ.ኤ.አ. በ1907 የጻፉላት፣ ፍላክ ገና ተማሪ እያለ የፍልፈል ልብ ሲመረምር ነው ያያት። ከሷ የሚነሳውን ምልክት ወደታች ከሚያደርሱት ክሮች የመጨረሻዎቹን ደግሞ ፑርኪንየ የሚባለው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1839 ያገኛቸው የበግ ልብ ውስጥ ነው፣ ይሄን ስል ጠረጴዛው ላይ ያለችውን በግ በአክብሮት አዩዋት። ነርቭ ሥራው ማፍጠንና ማዘግየት ነው፣ ብቻዋን ብትተው ያቺ ሥጋ በደቂቃ 100 ያህል ትመታለች፣ አርፈን ስንቀመጥ 70 የሚያደርጋት ነርቩ ይዞ ስለሚያዘገያት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ባርናርድ የሚባለው ሐኪም ኬፕታውን ላይ የሰው ልብ ለሌላ ሰው ሲተክል ነርቩን የቀጠለው የለም፣ ልቡ ግን መታ።

ልጁ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማንም ካላዘዘው የመጀመሪያዋን ማን ጀመረው?» ሶዲየም ወደ ሴሉ እየሰረገ ገብቶ ኤሌክትሪኩ የሆነ ደረጃ ሲደርስ ነው አልኩት። «አይ እሱማ ገባኝ፣ የመጀመሪያዋን ነው የምልዎ።» ጽንሱ 22 ቀን ገደማ ሲሆነው ነው፣ እናትየው ወር አበባዬ ቀረ አልቀረ እያለች ስታመነታ፣ ጭንቅላት ተብሎ የሚጠራ ነገር በቅጡ ሳይኖር፣ የሚገፋ ደም እንኳ ገና ሳይበረክት አንዷ ሴል ትመታለች፣ ከዚያ የነኳት ሴሎች ሁሉ አብረዋት ይመታሉ። «እኮ፣» አለ ልጁ፣ «ያቺ አንዷ ለምን?»

ደወሉ አዳነኝ ልል ስል ከፊት የተቀመጠችው ልጅ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለችኝ። አይመጣም ስል ደብተሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታጠፈ። ልጁ ግን እስካሁን ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር የመልስ ዱቤ ያለብኝ ይመስል ያየኛል። ነገ ሁለተኛ ፔሬድ ከነሱ ጋር ነኝ፣ ርዕሱ ኩላሊት ነው፣ እሱ ላይ ደሞ ምን እንደሚያመጣብኝ ጀሊሉ ነው የሚያውቀው።