550 ለ 0

ቅዳሜ ማታ

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሜዳው ሲጫወት እኔ በምኖርበት አን አርበር ከተማ ውስጥ መኪና ይዞ የሚወጣ ሰው የለም። መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። ስታዲየሙ ከመቶ ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ሲጮህ እኔ ሳሎን ድረስ ይሰማል። የማወራው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው፤ በእጅ ይዘው ስለሚሮጡት። ብዙም አልወደውም። ግን መውጫ ስላጣሁ ስለ 1901ዱ ቡድን ሳነብ ዋልኩ።

1901 በእኛ 1894 መሆኑ ነው። ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፤ ከአድዋ ገና አምስት ዓመቱ። እዚህ ደግሞ ፊልዲንግ ዮስት የሚባል አዲስ አሰልጣኝ መጣ። የዌስት ቨርጂኒያ ልጅ ነው፣ ሕግ ተምሯል። በ1897 ኦሃዮ ዌስሊያን፣ በ1898 ነብራስካ፣ በ1899 ካንሳስ፣ በ1900 ስታንፎርድ፤ የእነዚህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን አሰልጥኗል። በየዓመቱ አዲስ ሰው! እኔ አሜሪካ ከመጣሁ ሥራ መቀያየር ብርቄ አይደለም፤ እሱ ግን ይብሳል።

ከስታንፎርድ የወጣው ሥራው ከፍቶ አይደለም። ትምህርት ቤቱ “ከእንግዲህ የሚያሰለጥነን የራሳችን ምሩቅ ብቻ ነው” የሚል ደንብ አወጣ። ዮስት ደግሞ የእነሱ ልጅ አይደለም። በቃ፣ ደህና ሁን ተባለ። ሚሺጋን የስፖርት ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ቤርድ ቀጠረው።

ሲመጣ ባዶ እጁን አልመጣም። ካሊፎርኒያ እያለ ሳን ሆዜ ያለውን የመምህራን ማሰልጠኛ ቡድን ትንሽ ረድቶ ነበር። እዚያ አንድ ፈጣን ልጅ አየ፤ ዊሊ ሄስተን ይባላል። አስተማሪ ሊሆን የተዘጋጀውን ልጅ አግባብቶ ሕግ ተማር ብሎ ወደ ሚሺጋን አስመጣው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ስንት ወረቀት ያስፈርም ነበር!

የዚያን ጊዜው ጨዋታ ከአሁኑ ይለያል። ኳስ ወደፊት መወርወር አይፈቀድም፤ የተፈቀደው በ1906 ነው። በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ መግፋት አለብህ። አንድ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ተጋጣሚው ከሚጠብቀው የመጨረሻ መስመር ማሻገር፣ አምስት ነጥብ ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች የራስ መከላከያ ቆብ እንኳ አያደርጉም። ነገሩ መገፋፋት፣ መውደቅ፣ መነባበር ነው። ሌላው ቡድን ወድቆ ሲነሳ አቧራውን ያራግፋል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል። ዮስት ግን ይህችን ፋታ ከለከለ። ኳስ አቀባዩ ቦስ ዊክስ ሰው ከላዩ ሳይነሳለት የሚቀጥለውን ምልክት ይጣራ ነበር ይባላል። ተጋጣሚው ገና በጉልበቱ እያለ ኳሱ ተነስቷል። ዮስት ቀኑን ሙሉ “ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ” ሲል ስለሚውል “ኸሪ አፕ ዮስት” የሚል ቅጽል ወጣለት። አዲስ ሰው ችኩል ነው። ጊዜ እንደማይሰጡት ያውቃል።

ውጤቱ ጉድ ያሰኛል። አስራ አንድ ጨዋታ፣ አስራ አንድ ድል፣ በድምሩ 550 ለ 0። ኦሃዮ ስቴትን 21 ለ 0፣ ቺካጎን 22 ለ 0፣ አዮዋን 50 ለ 0። ቡፋሎን ስንት አገቡበት ብትሉኝ፣ 128 ለ 0። እዚህ ላይ እኔ ቅር አለኝ። እንግዳ ጠርቶ 128 ማግባት ጨዋታ አይደለም፣ ቅጣት ነው። ስልሳ ላይ ይበቃ ነበር።

ከአስራ አንዱ የመጨረሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 1902፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ላይ ተደረገ፤ ሮዝ ቦውል የሚባለው የኮሌጆች ጨዋታ የመጀመሪያው ነው። ተጋጣሚው ማን ሆነ? ስታንፎርድ! ያው “የእኛ ምሩቅ ብቻ” ያሉት፤ አሁን እውነትም በራሳቸው ምሩቅ ነው የሚሰለጥኑት። ከሃያ ደቂቃ በላይ ምንም ሳይቆጠርባቸው ያዙ። አንዴ ከተከፈተ ግን አልቆመም። ኒል ስኖው ብቻውን አምስት ታችዳውን አገባ። ሚሺጋን በአስራ አንዱ ልጆች ብቻ ነው የጨረሰው፣ ተቀያሪ አልገባም። 49 ለ 0 ላይ፣ ስምንት ደቂቃ ሲቀር፣ የስታንፎርድ አምበል ይብቃን አለ። የሚሺጋኑ አምበል ሂው ዋይት እሺ አለው። አዘጋጆቹም ነገሩ ስላላማራቸው ነው መሰለኝ እስከ 1916 ድረስ ሁለተኛ ፉትቦል አላዘጋጁም። በመሃሉ የሠረገላ እሽቅድምድም ሁሉ አሳይተዋል።

እስከዚህ ድረስ ከዮስት ጋር ነበርኩ። የእኛ አይደለህም ተብሎ የተሸኘ ሰው ተመልሶ ሲያሳያቸው ማን ይጠላል? እኔማ አጨበጨብኩ።

ችግሩ ማንበብ አለማቆሜ ነው። ዮስት ከሚሺጋን አልሄደም። እስከ 1926 ድረስ፣ አንድ ዓመት ብቻ አርፎ፣ አሰለጠነ። በኋላም ለብዙ ዓመታት የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ቆየ። እንግዳው ባለቤት ሆነ። ሚሺጋን ደግሞ ከእሱ በፊት፣ በ1890 እና በ1892፣ ጆርጅ ጁዌት የሚባል ጥቁር ተጫዋች ነበረው። ከጁዌት በኋላ የሚቀጥለው ጥቁር ልጅ ለዋናው ቡድን የተሰለፈው በ1932 ነው፤ ዊሊስ ዋርድ። አርባ ዓመት! ዮስት ያሰለጠነባቸው ዓመታት በሙሉ እዚያ መሃል ናቸው። “የእኛ ልጅ ብቻ” የሚለው ነገር ምን እንደሚያደርግ በራሱ ላይ ያየ ሰው ነበር እኮ።

በ1934 ጆርጂያ ቴክ ለጨዋታ ወደ አን አርበር መጣ። ዋርድ ከተሰለፈ አንጫወትም አሉ። ኃላፊው ዮስት ነው። ተማሪዎች ተቃወሙ፣ ፊርማ አሰባሰቡ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄራልድ ፎርድ ያኔ የዋርድ የቡድን ጓደኛ ነበር፤ እሱም ከፍቶት ነበር ይባላል። በመጨረሻ ዋርድ እንዳይሰለፍ ተደረገ። በለውጡ ጆርጂያ ቴክም አንድ ተጫዋቹን አስቀመጠ፤ ይሄ እንግዲህ ሚዛን መሆኑ ነው። ሚሺጋን 9 ለ 2 አሸነፈ። በዚያ ዓመት ሌላ ያሸነፈው ጨዋታ የለም።