ከቡፌ የወረዱ አንበሶች

አሮጌ የሸክላ እንስሳት መሰብሰብ የጀመርኩት ቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ነው። አንበሳ፣ በሬ፣ ዶሮ፣ ርግብ፤ አብዛኞቹ መዳፍ ላይ የሚያርፉ ናቸው። ሻጩ ሁሉ "የድሮ ነው" ይላል። ስለዚህ ራስን ችሎ ማየት መልመድ ያስፈልጋል።

እኔ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። ለዓመታት ሲነሳና ሲቀመጥ የኖረ እንስሳ እግሩ፣ አፍንጫውና ጆሮው ይሳሳል፤ ሆዱ ሥር ግን ብዙም አይነካም። ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገው ሁሉም ቦታ እኩል ተፍቋል። ቀጥሎ አሸተዋለሁ። ያረጀ ለማስመሰል የሚቀባው የጫማ ቀለም ሽታ አይደበቅም።

የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ ሲያዩ ቶሎ አይጓጉ። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች እንዲህ ያሉ ምስሎችን ለጎብኚ ይሠሩ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወለቃ ላይ ግን ሌሎች ሥራውን ቀጠሉ፤ ኮከቡንም ጭምር። ኮከቡ ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

ሲቸግረኝ ቀጨኔ ወዳሉት ሸክላ ሠሪ እናቶች ይዤ እሄዳለሁ። አንዷ አንድ በሬ ገልብጠው አዩና "ይሄ የእኛ እጅ አይደለም ልጄ፤ ጭቃው ሌላ ነው" አሉኝ። አንገቱ ከትከሻው የተጣበቀበትን ቦታ በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንገት ሳላይ አልገዛም። እነዚህ ሴቶች በሙያቸው "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እየተባሉ ሲሰደቡ የኖሩ ናቸው። ሥራቸውን ሳሎናችን ደርድረን ስማቸውን አልያዝንም። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ እንስሳ ጋር ወረቀት የማስቀምጠው። ከማን ገዛሁት? ለእሳቸውስ ከየት መጣ? ሠሪዋን የሚያስታውስ አለ? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ስንት ቡፌ ተራገፈ! ከሰፈሩ የተነሱ አንዲት እናት አንበሳቸውን ሲሸጡልኝ፣ ባለቤታቸው በደርግ ጊዜ ለሥራ ጎንደር ሄደው እንዳመጡት ነገሩኝ። የቡፌውን ቦታ ሳይቀር ጻፍኩ። ዋጋ የምትከራከሩበትን ያህል ጊዜ ለጥያቄም ስጡ።

አያያዙ ቀላል ነው። እነዚህ ምስሎች በሜዳ እሳት በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሱ ስለሆኑ ውኃ ይስባሉ፤ አትጠቧቸው። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። የተሰበረ ጆሮ ካለ በፖስታ አብሮ ይቀመጥ። በሱፐር ግሉ የተጣበቀን ነገር ሳይጎዳ ማላቀቅ ይከብዳል።

ውጭ ላለ ዘመድ መላክ ካሰባችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ከመጠቅለላችሁ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ወስዳችሁ አስመርምሩ።