አክስቴ እና ጥግ ላይ የቆመችው ልጅ

የቅርጫት ኳስ ቡድናችን በሜዳው የሚሸነፈው እንደ ሌላው ቡድን አይደለም። ሌላው ቡድን ተበልጦ ይሸነፋል፤ የእኛ ግን እየመራ ነው የሚሸነፈው። ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ነገሩ በመጀመሪያው ሩብ ስለሚለይለት ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ መተኛት ይቻላል። በሜዳው ሲሆን መጀመሪያ ያስፈነድቃችኋል፣ ከማታውቁት ሰው ጋር ያስተቃቅፋችኋል፣ ስለ ዋንጫ ያስወራችኋል፤ ጉዳችሁን የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው። የቡድኑን ስም አልጠራም። የአሜሪካን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ደብሊው ኤን ቢ ኤን፣ የሚከታተል አንባቢ የራሱን ቡድን ቢያስብ ብዙም አይርቅም።

የዚያን ቀን ሽንፈት ከሌሎቹ የከፋ ያደረገው አክስቴ አብረውኝ መሆናቸው ነው። ሊጠይቁን መጥተው እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። በሕይወታቸው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም። ባለቤቴ «ምነው ሌላ ቦታ ብትወስዳቸው?» ብላ ነበር፤ እኔ ግን ቲኬቱን ቀድሜ ቆርጫለሁ። ስብከቱንም ጀምሬአለሁ። ሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1997 እንደሆነ፣ ኒው ዮርክ ሊበርቲ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ ስፓርክስን እንዳሸነፈ፣ ሊሳ ሌስሊ በ2002 ዘልላ ኳሱን ከላይ ወደ ታች ቅርጫቱ ውስጥ በመክተት በሊጉ የመጀመሪያዋ እንደሆነች፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አክስቴ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«የእናንተዎቹስ? ስንት ዋንጫ አላቸው?»

«እትዬ፣ ዋንጫ ብቻውን ምን ይሠራል?» አልኳቸው። «ሂዩስተን ኮሜትስ የሚባል ቡድን ነበር። ከ1997 እስከ 2000 ድረስ አራቱንም የመጀመሪያ ዋንጫዎች ለማንም ሳያስነካ ወሰደ። በ2008 ፈረሰ። እኛ ምንም አልወሰድንም፤ ግን ይኸው አለን።»

«ጤና ካለ ምን ይላል» አሉ አክስቴ።

አዳራሹ ውስጥ ስንገባ ያስደነቃቸው ጩኸቱ ነበር። ከበሮ ይመታል፣ መብራት ይበራል ይጠፋል፣ አስተዋዋቂው የተጫዋቾቹን ስም ሳንባው እስኪፈርጥ ይጠራል። «ገና ሳይጀመር እንዲህ ከጮኹ ሲያልቅ ምን ሊያደርጉ ነው?» ብለው ጆሮዬ ሥር ተናገሩ። «ሲያልቅማ ዝም ይላሉ» አልኳቸው። ለቀልድ ነበር።

ደንቡን ባጭሩ አስረዳሁ። ጨዋታው እያንዳንዱ 10 ደቂቃ በሆነ በአራት ሩብ ይከፈላል፤ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ ስድስት ፋውል የሠራች ተጫዋች ትወጣለች። አክስቴ የ24 ሰከንዱ ነገር አልተዋጠላቸውም። «ምን ያስቸኩላቸዋል?» አሉ። ቆየት ብለው ግን ቅርጫቱ ላይ የተሰቀለውን ቀይ ቁጥር ከእኔ በላይ መከታተል ጀመሩ፤ ሊያልቅ ሲል የሚያስጠነቅቁት እሳቸው ሆኑ። ይህ ቁጥር በኋላ ያቃጥለናል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ውብ ነበር። ልጆቻችን እየሮጡ፣ እየተቀባበሉ፣ ከሩቅም ከቅርብም እያገቡ በሁለት አሃዝ ልዩነት መሩ። ከኋላችን የተቀመጠ ሰው ኳስ የነካችውን ሁሉ «ወርውሪ!» ይላል። ኳሷን ከመስመር ውጪ ለማስገባት የቆመችውን እንኳ «ወርውሪ!» አላት። እንዲህ ያለ ሰው በየአዳራሹ አይጠፋም፤ መቀመጫውም ሁልጊዜ ከእኔ ኋላ ነው።

አክስቴ ግን ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። ክርኔን ጎተት አድርገው በጣታቸው አሳዩኝ።

«ያቺ ጥግ ላይ የቆመችው ልጅ ምን አድርጋ ነው?»

«የትኛዋ?»

«ያቺ ብቻዋን የቆመችው። ማንም አልቀረባትም እኮ። ተጣልታቸው ነው?»

የተጋጣሚያችን ተጫዋች ነበረች። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አስረዳኋቸው። እነሱ አንዲት ግዙፍ ሴንተር፣ ማለትም ቅርጫቱ አጠገብ የምትጫወት ልጅ፣ አላቸው፤ ቅርጫቱ ሥር ኳስ ከያዘች አትመለስም። ስለዚህ አሰልጣኛችን ኳሱ ወደ እሷ በሄደ ቁጥር ሁለት አንዳንዴም ሦስት ልጆች እንዲከቧት አዝዟል። አምስት ለአምስት በሚደረግ ጨዋታ ሦስቱ አንዷን ከከበቡ አንዲት ብቸኛ መገኘቷ የግድ ነው። ብቸኛ እንድትሆን የተመረጠችውም ያቺ ናት፤ ደካማ ወርዋሪ ናት ተብላለች። እንደተባለውም የመጀመሪያ ሁለት ሙከራዎቿ የቅርጫቱን ጠርዝ መትተው ወጡ።

«አዩ እትዬ? ተሰልቶ ነው።»

«እንግዳ አይደለችም እንዴ? ሰው እንግዳውን እንዲህ ጥግ ላይ ትቶት ይሄዳል?»

መልስ አልነበረኝም፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልግም አልመሰለኝም። እረፍት ሆነ። አክስቴ ሙዚቃው ሲከፈት ትከሻቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ ካሜራው አገኛቸውና ትልቁ ስክሪን ላይ ወጡ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የዚያን ምሽት ከኛ ወገን እስከ መጨረሻው በጥሩ አቋም የዘለቀው የእሳቸው ትከሻ ብቻ ነው።

የቡድናችንን ሦስተኛ ሩብ የሚያጠና ዩኒቨርሲቲ ቢኖር ደመወዝ ሳይከፈለኝ እሠራለታለሁ። በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚባሉ አላውቅም፤ ብቻ የገቡት ልጆች እና የወጡት ልጆች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋን ኳስ ለተመልካች አቀበልን። ሁለተኛዋን ለዳኛው። ሦስተኛዋ ለተጋጣሚ ደረሰችና ወደ ሴንተሯ ሄደች፤ ልጆቻችን በታዘዙት መሠረት ተሰብስበው ከበቧት፤ እሷም ኳሷን ከጭንቅላታቸው በላይ አሻግራ ጥግ ላይ ለቆመችው ልጅ ሰጠች።

ባለሦስት ነጥቡ መስመር ከቅርጫቱ ፊት ለፊት 6 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ጥግ ላይ ሜዳው ስለሚጠብ መስመሩም በመጠኑ ወደ ቅርጫቱ ይጠጋል። ልጅቷ ተረጋግታ፣ እግሯን አስተካክላ፣ ምናልባትም ስለ ነገ ውሎዋ አስባ ወረወረች። ገባ።

በእኛ ቡድን ቀለም በተሞላው አዳራሽ ውስጥ አንድ ጭብጨባ ብቻ ተሰማ። ከአጠገቤ ነበር።

«እሰይ! አበጀሽ የኔ ልጅ!»

«እትዬ፣ ይቺ የእነሱ ናት!»

«ታዲያ ብትሆንስ? ስታሳዝን የቆየች ልጅ እኮ ናት።»

ደገመችው። ሠለሰችው። አሰልጣኛችን እጁን አጣምሮ ይመለከታል፤ ዕቅድ ዕቅድ ነው። አክስቴ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ለተከላካዮቻችን በአማርኛ መመሪያ መስጠት ጀመሩ፦ «ኧረ አንዷ ሂጂላት! አንቺ ረጅሟ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ቅርጫት ኳስ ካዩ ገና ሰዓት ተኩል ያልሞላቸው ሴት የተረዱትን ነገር፣ በሙሉ ጊዜ ደመወዝ የተቀጠረ የአሰልጣኞች ቡድን አልተረዳውም። ልዩነቱ ጠበበ፤ ጠበበና ጠፋ።

ወደ ነፃ ውርወራ መስመር ሄድን። እዚህ ላይ ልቆይ፤ የቆየ ቂም አለኝ። ነፃ ውርወራ ማለት ከ4 ሜትር ተኩል ጥቂት ከፍ ከሚል ርቀት፣ ማንም ሳይገፋ፣ ማንም እጁን ሳይዘረጋ፣ ቅርጫቱ ሳይንቀሳቀስ የሚወረወር ኳስ ነው። ኤሌና ዴሌ ዶን በሙያ ዘመኗ ከ93 በመቶ በላይ እያገባች በሊጉ ታሪክ አቻ ያልተገኘላት ሆናለች፤ ስለዚህ ነገሩ በሰው ልጅ አቅም ይቻላል። የእኛዋ ሁለቱንም ሳተች። ተከታይዋ አንዱን አገባች፣ አንዱን ሳተች፤ ለአንዱ ተነሥተን አጨበጨብንላት፤ ደረጃችን እዚያ ደርሷል።

«ማንም አልያዛት፣ ማንም አልነካት» አሉ አክስቴ፤ «ታዲያ ምን ሆና ሳተች?»

«እትዬ፣ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆታል።»

በአራተኛው ሩብ እኛ ወደ ኋላ ቀርተን ሳለ አዳራሹ በድንገት በደስታ ፈነዳ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዚህ ሩብ የተጋጣሚ ተጫዋች ሁለት ተከታታይ ነፃ ውርወራ ከሳተች ለተመልካቹ ሁሉ ነፃ ኩፖን ይታደላል። ሴንተሯ ሁለቱንም ሳተች። ሽማግሌ ከሕፃን ተቃቀፈ። ከኋላዬ ያለው ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰሌዳውን ማንም አላየም። ለቡድናችን ያን የሚያህል ጩኸት ብናሰማለት ኖሮ ምናልባት ይነቃ ነበር፤ እኛ ግን ጉልበታችንን ለኩፖኑ ቆጥበን ኖረናል። የሜዳ ባለቤትነት ጥቅም የሚባለው ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ እ.ኤ.አ. የ2020 የውድድር ዘመን ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ጨዋታዎቹ ሁሉ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ቦታ፣ ያለ ተመልካች ተካሄዱ። በዚያ ዓመት በሜዳችን አንድም ጊዜ አልተሸነፍንም።

ከዚያ ዳኛው የማይታመን ፋውል ነፋብን። ልጅቷ እጇን እንኳ አላነሣችም፤ ስክሪኑ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሳየን። ሊጉ ለአሰልጣኞች የዳኛን ውሳኔ በቪዲዮ የማስመርመር መብት ከሰጠ ከ2020 ወዲህ ነው። የእኛ አሰልጣኝ ግን መብቱን በሁለተኛው ሩብ፣ በሰፊ ልዩነት ስንመራ፣ ከሜዳ የወጣች ኳስ የማን እንደሆነች ለማወቅ ተጠቅሞበታል። ኳሷ የእነሱ ነበረች። መብቱም ሄደ፣ አንድ ታይም አውትም (አሰልጣኝ ጨዋታ አስቁሞ ልጆቹን የሚያነጋግርበት አጭር እረፍት) ሄደ። አሁን ከመስመሩ አጠገብ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ወደዚያ የሚላክ የቪዲዮ ማመልከቻ ካለ የተጠቀመበት ይመስለኛል።

የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ደረሱ። በአንድ ነጥብ ተበልጠን ኳሱ በእጃችን ነው። ታይም አውት የለም። ልጆቻችን ኳሷን ተቀባበሉ። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። ሁሉም ያያሉ፣ ማንም አይወረውርም። አክስቴ ቁጥሩን እያዩ ጮኹ፦ «ኧረ አለቀ! ምንድን ነው ይህ "አንቺ ቅደሚ፣ የለም አንቺ ቅደሚ"!» ከኋላችን ያ ሰው «ወርውሪ!» አለ፤ በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ነበር። ወረወረች። ኳሱ አየር ላይ ሳለ ደወሉ ጮኸ፣ የቅርጫቱ ሰሌዳ ዙሪያውን ቀይ በራ፣ ኳሱም ገባ።

ዘለልኩ። አጠገቤ ያለውን ሰው አቀፍኩ። ያ «ወርውሪ» ባዩ ደግሞ ሁለት እጁን ሲያነሣ ብርጭቆውን መያዙን ረስቶት ኖሮ በበረዶ የተሞላ መጠጡን ከአንገቴ እስከ ወገቤ አወረደው። ግድ አልሰጠኝም፤ አሸንፈናላ! ዳኞቹ ወደ ስክሪኑ ሄዱ። ቀዩ መብራት ሲበራ ኳሱ ገና ከልጅቷ ጣት አልተላቀቀም ነበር። ዋና ዳኛዋ እጇን አወናጨፈች። አዳራሹ ዝም አለ፤ የእኔ ሸሚዝ ብቻ ይንጠባጠባል።

እኔ ወደ መውጫው ሳመራ አክስቴ ወደ ሜዳው ይወርዱ ነበር። የተጋጣሚ ተጫዋቾች ወደ መልበሻ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለልጆች ይፈርማሉ፤ አክስቴ በሕፃናቱ መካከል ሰንጥቀው አለፉና ያቺን የጥጓን ልጅ ሁለት እጆቿን ያዙ። ልጅቷ ከፍታዋን ለሁለት አጥፋ ጎንበስ አለች። ምርቃቱ ወረደ። ከዚያ አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገራት። ብቻሽን ሲተዉሽ አንጀቴን በልተሽው ነበር በላት።»

በቡድኔ መለያ፣ ከአንገት እስከ ወገብ ረጥቤ፣ ላሸነፈችን ልጅ ያንን ተናገርኩ። ልጅቷ ሳቀች።

«ለአክስትህ ንገራቸው» አለችኝ፤ «እኔንም ምሽቱን ሙሉ ሲገርመኝ ነው ያመሸው።»

የእጅ አንጓዋ ላይ የነበረውን የላብ ማበሻ አውልቃ ለአክስቴ አጠለቀችላቸው። የቡድናቸው ፎቶ አንሺ ይህን ሁሉ አንሥቶ ኖሮ በማግስቱ ፎቶው በገጻቸው ላይ ወጣ። አክስቴ እንደ ሙሽራ አምረዋል። ከኋላቸው በሌላ ቡድን መለያ የቆመ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ የወጣ የሚመስል ሰው ይታያል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ፊቱን በክብ ምልክት ከበው ላኩልኝ።

የሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ በቅርቡ ነው፤ ለአክስቴም ለእኔም ቲኬት ገዝቻለሁ። እሳቸው ግን ያቺ ልጅ የማትመጣ ከሆነ እንደማይሄዱ ነግረውኛል።